ሲሾም ጭብጨባ፣ ሲሻር እልልታ

የአገሬ ሰዎች፣ እስኪ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ። ቁጣው ለእኔም ነው፤ እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም።

ነገሩ የኳስ ነው። አንድ ክለብ አሰልጣኙን ባባረረ ቁጥር የምናሳየው ደስታ ያሳፍራል። ስልካችን መጮህ ይጀምራል። "ተባረረ!" እንባባላለን፣ ልክ ዋንጫ እንደበላን። ሰውየው ግን ከጥቂት ወራት በፊት እኛው "መጣልን!" ብለን ፎቶውን የተቀባበልነው ሰው ነው። በመሀል ምን ተፈጠረ? ማን መረጠው? ምን አይቶ መረጠው? ይሄን የሚጠይቅ የለም። ጥፋቱ ሰውየውን ተከትሎ ከግቢው የወጣ ይመስለናል። አልወጣም። እዚያው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ሰው እየመረጠ ነው።

የቅርቡን እንውሰድ። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስት በ2024/25 በኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ እየተመራ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ወደ አውሮፓ መድረክ ለመመለስ 30 ዓመት ገደማ የጠበቀ ክለብ ነው። የኑኖ ኳስ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነበር። ወደ ኋላ ሰብሰብ ብሎ መከላከል፣ ኳሷ ስትነጠቅ በመልሶ ማጥቃት መብረር። ቡድኑ ይሄን አጨዋወት ለምዶት ነበር። ከዚያ ኑኖ ከክለቡ ባለቤት ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ድሮው እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገረ። አዲሱ የውድድር ዘመን ገና ሦስት የሊግ ጨዋታ እንደተደረገበት፣ በሴፕቴምበር 2025 ተሰናበተ።

በምትኩ ማንን አመጡ? አንጅ ፖስቴኮግሉን። ሰውየው ደካማ አሰልጣኝ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከቶተንሃም ጋር የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አንስቷል። ግን የሚያምንበት ኳስ ሌላ ነው። ተከላካዮቹን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግቶ፣ ከኋላቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ ትቶ የሚያጠቃ ሰው ነው። ከኑኖ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። የዝግጅት ጊዜ አላገኘም። ተጫዋች የሚገዛበት የዝውውር መስኮትም እሱ ከመምጣቱ በፊት ተዘግቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ስምንት ጨዋታ አደረገ። በሁለቱ አቻ ወጣ፣ በስድስቱ ተሸነፈ። በቼልሲ 3 ለ 0 በተሸነፉበት ቀን የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ 18 ደቂቃ በኋላ መሰናበቱ ተነገረ። የቆየው 39 ቀን ነው። ባለቤቱ ኢቫንጄሎስ ማሪናኪስ ጨዋታው ሳያልቅ ከመቀመጫው ተነስቶ ሄዷል። 18 ደቂቃ እኮ ነው! ደጋፊው ገና ወደ ቤቱ መንገድ ላይ ነበር። ለማባረር እንዲህ የሚቸኩል ሰው፣ ሲቀጥርስ ስንት ደቂቃ አስቦበት ይሆን?

የደጋፊው ነገር ግን ይብሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በዴንማርኩ ሚትዩላንድ በገዛ ሜዳቸው ሲሸነፉ፣ የፎረስት ደጋፊዎች ለራሳቸው አሰልጣኝ "ነገ ጠዋት ትባረራለህ" ብለው ዘፈኑለት። ይሄ ዘፈን በተለምዶ በተጋጣሚ አሰልጣኝ ላይ ማላገጫ ነው። ሰውየው ከመጣ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። "ማን አመጣው?" የሚል ዘፈን ግን አልሰማሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

"እነሱ ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት" እንዳትሉኝ። እኛ ከሩቅ ሆነን የምናየው ሰዎች ያንኑ ዘፈን በአማርኛ ነው የምንዘፍነው። እንዲያውም ስድብ እንጨምርበታለን። ሰውየው ለሚወስደው ካሳ ሲባል መሰደብ ያለበት ይመስለናል። ምክትሎቹን፣ ቤተሰባቸውን ይዘው አገር ለቀው የመጡትን ረዳቶች ግን አናስታውስም።

እኔ ማንቼ ነኝ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ። ስለዚህ የራሴን ቤት ገመና ልንገራችሁ። አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ከ26 ዓመት በላይ ከመሩት ክለብ ሲሰናበቱ ሜዳው መሀል ቆመው ደጋፊውን አንድ ነገር ለመኑ። እኔ በተቸገርኩ ጊዜ ክለቡ ከጎኔ ቆሟል፤ የእናንተ ሥራ ደግሞ ከአዲሱ አሰልጣኝ ጎን መቆም ነው አሉ። አጨበጨብን። ዴቪድ ሞይስ መጣ። የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። በክለቡ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ፎቶው ያለበት "የተመረጠው" የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። በማርች 2014 ዩናይትድ ከአስቶን ቪላ ሲጫወት ደግሞ ከስታዲየሙ በላይ ትንሽ አውሮፕላን ጽሑፍ እየጎተተች ስትዞር ታየች። ጽሑፉ "የተሳሳተው፤ ሞይስ ይውጣ" የሚል ነበር። የዚያን ቀን 4 ለ 1 አሸንፈዋል፣ ግን ማን ግድ ሰጠው? በቀጣዩ ወር ሞይስ ተባረረ። ከስድስት ዓመቱ አንዱን እንኳ አልጨረሰም።

እኔም የዚያን ቀን ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። አልክድም።

አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ያሳፍረኛል። በዚያው ክረምት ከፈርጉሰን ጋር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም ለቋል። ቦታውን የያዘው ኤድ ውድዋርድ ተጫዋች የመግዛት ልምድ አልነበረውም። አዲስ አሰልጣኝና አዲስ አለቃ በአንድ ቀን ሥራ ጀመሩ ማለት ነው። አማካዩን ፌላይኒን ለማምጣት የዝውውር መስኮቱ መዝጊያ ቀን ድረስ ቆይተው 27.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ። ቀደም ብለው ቢነቁ በውሉ ላይ ባለው ዝቅ ያለ ዋጋ ይወስዱት ነበር። ቡድኑ አርጅቷል። ይሄ ሁሉ የሞይስ ጥፋት ነው? የሞይስ ጥፋትም ነበረበት፣ አልሸፍንለትም። ጨዋታው ያንቀላፋ ነበር። ግን ያ ሰው በ2023 ከዌስትሃም ጋር የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። ውድዋርድ ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ከርሞ ሌሎች ሰዎችን መረጠ፣ አባረረም። ሉዊ ቫን ኻል የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ከዚያ ሞሪንሆ፣ ከዚያ ሶልሻየር። በእያንዳንዳቸው አጨበጨብን። በእያንዳንዳቸው "ይውጣ!" አልን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። "የባለቤቱ ገንዘብ ነው፣ እኛ ምን አገባን" የምትሉ አላችሁ አይደል? ስሙኝማ። በ2024 ዩናይትድ ኤሪክ ቴን ሃግን ለማሰናበት አስቦ ሌሎች አሰልጣኞችን አነጋገረ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ውሉን አራዘመለት። በክረምቱ ተጫዋች ገዛለት። ከዘጠኝ የሊግ ጨዋታ በኋላ ደግሞ አባረረው። የስፖርት ዳይሬክተሩ ዳን አሽዎርዝም በስንት ድርድር መጥቶ አምስት ወር ሠርቶ ሄደ። ለእነዚህ ለሁለቱና ለአሰልጣኙ ረዳቶች መሰናበቻ የወጣው 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ይሄ ከክለቡ ሒሳብ መዝገብ የተገኘ ነው፣ ወሬ አይደለም።

በዚያው ዓመት ክለቡ ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ 250 ያህል ሠራተኞችን ቀነሰ። በዓመቱ ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎች እንደሚቀነሱ ተናገረ። የሠራተኞቹን ነጻ ምሳ አስቀረ። በውድድር ዘመኑ መሀል የቀሩትን የአባላት ቲኬቶች 66 ፓውንድ አደረጋቸው፤ ለልጆችና ለጡረተኞች ቅናሽ የለም። አዩ? የተሳሳተውን ምርጫ የከፈለው ማን ነው? ቲኬት የሚቆርጠው ጡረተኛ ነው። ልብስ የምታጥበው፣ ስልክ የምታነሳው፣ ሃያ ዓመት ያገለገለችው ሠራተኛ ናት። ከክለቡ ባለድርሻዎች አንዱ ጂም ራትክሊፍ በኋላ የቴን ሃግም የአሽዎርዝም ውሳኔ ስህተት እንደነበር አምኗል። ማመኑ ጥሩ ነው። ግን ስህተት ነበር ብሎ ወንበሩን የለቀቀ መራጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይላል የእኛ ሰው። ኳስ ላይ ሲሆን ግን ይሄን ተረት እንረሳዋለን።

"ታዲያ አሰልጣኝ ምንም ቢያጠፋ አይባረር?" ትሉኛላችሁ። አላልኩም። አንዳንዴ መባረሩ ትክክል ነው። ፍራንክ ዴ ቡር በ2017 ክሪስታል ፓላስን 77 ቀን መራ። አራት የሊግ ጨዋታ አደረገ፣ አራቱንም ተሸነፈ፣ አንድ ጎል እንኳ አላገባም። ተባረረ። የመጣው ሮይ ሆጅሰን ዓመቱን 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። "ይኸው!" በሉኝ። ግን ታሪኩን እስከ ጫፉ አንብቡት። ሆጅሰንም የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ያለ ጎል ተሸንፏል። ፓላስ ሰባት ጨዋታ ያለ ነጥብና ያለ ጎል ተጉዟል። በዴ ቡር ላይ የሠራው ሕግ በሆጅሰን ላይም ቢሠራ እሱም ተባርሮ ነበር። ደግሞም ዴ ቡር በሦስት ተከላካይ መጫወት እንደሚወድ ሲቀጠር የማያውቅ ነበር? ቡድኑ ለዚያ አልተሠራም ነበር። የዴ ቡርን ሽንፈት ሜዳው ላይ አየነው እንጂ የተሸነፈው ውሉ የተፈረመ ቀን ነው።

አንድ የሚያታልለን ነገርም አለ። "አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድኑ ይነቃል" የሚባለው። ክለብ አሰልጣኝ የሚያባርረው መቼ ነው? አራት አምስት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። አራት አምስት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ደግሞ ማንም ይምጣ ማን፣ አንድ ቀን ማሸነፉ አይቀርም። የተጎዳው አጥቂ ይድናል፣ ከባዱ የጨዋታ መርሐ ግብር ያልፋል። የኔዘርላንድን ሊግ የብዙ ዓመት ውጤት የመረመረ ጥናት አለ። በውጤት ማጣት ወቅት አሰልጣኝ ያባረሩትንና ያላባረሩትን ክለቦች አነጻጸረ። ያላባረሩትም ያው ተሻሽለዋል። ጉንፋን በሳምንቱ ሲለቅ የመጨረሻውን መድኃኒት እንደ ማመስገን ነው የእኛ ነገር።

አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። ይሄኛው ደስ ስለሚለኝ ነው። በ1974 ሊድስ ዩናይትድ ብሪያን ክላፍን ቀጠረ። ክላፍ ለዓመታት ሊድስን በአደባባይ ሲያወግዝ የኖረ ሰው ነው። ጨዋታቸው ቆሻሻ ነው፣ ዋንጫቸው የማጭበርበር ነው ይል ነበር። ይሄን ሁሉ አገሩ ይሰማል። የሊድስ ቦርድም ይሰማል። ቀጠሩት! ሲመጣ ተጫዋቾቹን ሜዳሊያችሁን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት እንዳላቸው ይነገራል። 44 ቀን ቆይቶ ተባረረ። ሰው በጠላቱ ቤት ስንት ቀን ይከርማል?

በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ የነበረ ክለብ ወሰደው። ጊዜ ሰጠው። የሚስማማውን ረዳት፣ የሚስማሙትን ተጫዋቾች አመጣ። ያ ክለብ በ1979ና በ1980 በተከታታይ የአውሮፓን ዋንጫ በላ። የክላፍ ሐውልት ዛሬ መሀል ከተማው ላይ ቆሟል። ክለቡ ኖቲንግሃም ፎረስት ይባላል። አዎ፣ ያው ባለ 39 ቀኑ።

እና ወገኖቼ፣ ቁጣዬ ምኑ ላይ ነው መሰላችሁ? ጥያቄያችን የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የሹመቱ ቀን ፎቶ እናያለን፣ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲስቅ። ያኔ ነው መጠየቅ ያለብን። ይሄ ሰው የሚጫወተው ኳስ ምን ዓይነት ነው? ያለን ተከላካይ ያንን ይችለዋል? ማን መረጠው፣ ያ መራጭ ባለፈውስ ማንን መርጦ ነበር? አምስት ጨዋታ ብንሸነፍ ምን ለማድረግ ተስማምተዋል? ይሄን መጠየቅ ሟርት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ግን የሚጠይቀውን ሰው "አሁን ደግሞ ጀመረህ፣ ደስታችንን አታበላሽ" ትሉታላችሁ። ሦስት ወር ቆይታችሁ ደግሞ እናንተው "እኔ ድሮም አልወደድኩትም" ትላላችሁ። ውሸታችሁን ነው። ወድዳችሁት ነበር። እኔም ወድጄው ነበር።

ባለፈው አንድ ወዳጄ ማታ ላይ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ አሰልጣኝ ነው፤ ሻርፑን ከፍ አድርጎ ይዟል። "አየኸው? ዘንድሮ አለቀላቸው!" ይላል መልእክቱ።

"ማን ነው የመረጠው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፣ "ግን ሻርፑ አላማረበትም?"