ሶለልና የአጎቴ ኪስ

ወልድያ ላይ አንድ ቤተሰብ «ጠዋት 1 ሰዓት እንነሳለን» ካለ፣ 3 ሰዓት ላይ አንዱ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው ማለት ነው። ይሄን የኮንትራት ሚኒባስ ሾፌሮች ጠንቅቀው ያውቁታል። ስለዚህ ሲደወልላቸው «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ይሉና ቤታቸው ቁጭ ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ። በር ላይ ነኝ ያሉት የራሳቸው በር ላይ ነው።

ቆቦ ወርደን ሶለልን እናክብር ያለው አጎቴ ነው። ሶለል የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ከተፈታ በኋላ ባለው ሰሞን የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ ይሉታል። ላሊበላ ያደገው የአክስቴ ልጅ «ዋናው የኛው ነው» ሲል፣ ሰቆጣ ዘመድ ያለው ሌላው ይነሳበታል። ይሄ ክርክር በየዓመቱ ይነሳል፣ በየዓመቱም ቡናው በረካ ሲደርስ ይበተናል።

አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ባህል የሚል ቃል ሲሰማ ድምፁ ይወፍራል። «ባህል የሌለው ሕዝብ ሥር እንደሌለው ዛፍ ነው» ይላል። ይሄን ሠርግ ላይ ብሎታል፣ ለቅሶ ላይ ብሎታል፣ አንዴ ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ እየጠበቀም ብሎታል።

ዕቃ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ምርቃቱ ቀረ። የወሎ ሰው ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። አያቴ በረንዳው ላይ ቆመው ጀመሩ። «እሾህ አይውጋችሁ፣ እንቅፋት አይምታችሁ፣ ወጥታችሁ ግቡ…» እኛ «አሜን!» ከእንቅፋት ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ሾፌሩ እናት ተሸጋገሩ። ሲጨርሱ ሐጂ ቀጠሉ። ሐጂ የአክስቴ ባል ናቸው፤ እሳቸውም ዱዓ ሳያደርጉ አይነሱም። እንደገና «አሚን!» ሾፌሩ መጀመሪያ ጥሩንባ ነፋ፣ ቀጥሎ ሞተሩን አጠፋ፣ በመጨረሻ ወርዶ እጁን ዘርግቶ አብሮ አሜን ይል ጀመር።

መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ነው ቆቦ የሚገባው። እየወረድን ሙቀቱ ጨመረ፣ ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ፣ እናቴ «ትታመማላችሁ» ብላ መልሳ አለበሰቻቸው። ከዚህ ሌላ በመንገዱ ላይ የሚነገር ነገር አልነበረም።

የሚነገረው የምሳው ነገር ነው። እኛ ቤት ገናውም አረፋውም የሁላችን ነው። ቡናው አንድ፣ ለቅሶው አንድ፣ ዕቁቡ አንድ። ድስቱ ብቻ ሁለት ነው። እናቴ የክርስቲያኑን ዶሮ ሠራች፣ አክስቴ ሐጂ ያረዱትን። ዶሮዎቹ ከአንድ ሻጭ፣ እግራቸው በአንድ ገመድ ታስሮ የመጡ ናቸው። በርበሬውን እህትማማቾቹ አብረው ነው የደለዙት። ድስቶቹም ለጉዞው ተብለው ከአንድ ሱቅ የተገዙ አዳዲስ ናቸው። እናቴ አስተዋይ ናትና እንዳይምታታ ብላ ድስቷ ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። አክስቴም ቤቷ ሆና አስተዋይ ሆነች። እሷም ቀይ ጨርቅ አሰረች።

ቆቦ ግራር ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ሁለቱ ድስት ሲወርዱ ሁሉም ዝም አለ።

«የኔ የቱ ነው?» አለች እናቴ።

«ቀይ ጨርቅ ያለው ነዋ» አለች አክስቴ።

ክዳኑ ተከፈተ። ያው ቀለም፣ ያው ዘይት፣ ያው 12 እንቁላል። አንዱ ይቀመስ እንዳይባል፣ የሚቀምሰው ማነው? ተሳስቶ የቀመሰ ምን ሊሆን ነው? ሐጂ ሁለቱን ድስት ተራ በተራ አዩና «አብሽሩ፣ ሽሮ የለም ወይ?» አሉ። እህቴ ለልጆች ብላ የያዘችው አልጫ ሽሮ ነበረ። ከፍልሰታ ጾም በወጣን ማግስት፣ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ አጠገባችን አስቀምጠን ሽሮ በላን። ዶሮዎቹ ማታ ወልድያ ተመልሰው ነው የታወቁት። አያቴ ክዳኑን ገለጥ አድርገው አንዴ አሸተቱና «ይሄ የታላቋ ነው፤ እሷ ኮረሪማ ታበዛለች» ብለው ለዩ።

ከምሳ በኋላ ወደ ሜዳው ሄድን። ድንኳን ተተክሏል፤ ፊት ለፊት ሶፋና የታሸገ ውኃ፣ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ እኛ። የበዓሉ ባለቤቶች ግን ከድንኳኑ ውጪ ፀሐይ ላይ ናቸው። የክብር እንግዳው ንግግር እስኪጨርሱ ይጠበቃል። ንግግሩ ሶለል ለልጃገረዶች ነፃነት ስላለው ፋይዳ ነበር። በዚህ ቀን ልጃገረድ ማንም ሳይከለክላት እንደ ልቧ ትጫወታለች ይላል ንግግሩ። ልጃገረዶቹ እንደ ልባቸው እንዳይጫወቱ የከለከላቸው ንግግሩ ብቻ ነበር። አናታቸው ላይ የተቀባው ለጋ ቅቤ ቀልጦ በሹሩባቸው መስመር ወደ ግንባራቸው ይወርዳል። ኩላቸውን እንዳያበላሽ በነጠላ ጫፍ ይጠርጉታል። አንዷ ትንሽ ልጅ ኮንጎ ጫማ ተጫምታ፣ ከደረቷ የሚሰፋ ከበሮ አንግታለች። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር በጣቷ ጫፍ ቆዳውን ቀስ እያለች ትነካካለች። ጠባቂው ሲያያት ታቆማለች። ዞር ሲል ትቀጥላለች።

አጎቴ ይሄን ሁሉ በስልኩ እየቀረጸ ነው። ንግግሩን ቀረጸ። ከበሮዋን ቀረጸ። መጨረሻ ላይ ጭፈራው ሲፈቀድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው ባህል» አለኝ። «ይሄ እንዳይጠፋ መስዋዕትነት መክፈል አለብን።»

መክፈያው ሩቅ አልነበረም። የሶለልም የአሸንድዬም ወግ ቀላል ነው። ልጃገረዶች ቡድን ሠርተው ከበሮ እየመቱ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ መንገደኛም ያቆማሉ፤ የተጨፈረለት ሰው ኪሱን ይፈታል። ሌላ ደንብ የለውም። ከድንኳኑ ተለቀው እንደወጡ አንዱ ቡድን አጎቴን ከበበው። ስሙን ጠይቀው ዘፈናቸው ውስጥ አስገቡት። አጎቴ በደስታ እስክስታ ሞከረ። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን ዘረጋች።

የአጎቴን ፊት ማየት ነበር። የባህል ተቆርቋሪው ወዲያው ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ።

«ልጆቼ፣ እንዴት ደስ እንዳላችሁኝ! ግን ዝርዝር የለኝም።»

«ድፍኑን እንዘረዝራለን ጋሼ» አለች ነጠላ የዘረጋችው። በእርግጥም ጥቅል ብር ይዛለች።

«ጥሬ ብር አልያዝኩም ማለቴ ነው።»

«በቴሌብር ይላኩልን።» ሌላዋ ቁጥሩ በእስክሪብቶ የተጻፈበትን መዳፏን አሳየችው። ቴሌብር 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለብዙ ነገር ይጠቅማል ተብሎ ነበር። አጎቴን ያጠምዳል ያለ ግን አልነበረም።

«ስልኬ ባትሪ ዘግቷል።»

ባለ ከበሮዋ ትንሽ ልጅ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ አሁን ሲቀርጹን አልነበር እንዴ?»

ከበሮው ምቱን ቀየረ። ሳያወጣ ለሚቆም ሰው የሚወርድ ግጥም አለ፤ የአጎቴ ስም ከዚያ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አጎቴ በዚያች ቅጽበት ባህሉ በዘመን ብዛት እንደተበረዘ፣ በድሮ ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን እህል ይሰጥ እንደነበር ማስረዳት ጀመረ። ልጆቹም ጤፉን እንቀበላለን አሉት።

ያወጡት ሐጂ ናቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉና 200 ብር ነጠላው ላይ ጣሉ። ግጥሙ ወዲያው ዞረ። አሁን ሐጂ የቆቦ ሜዳ ጌታ ሆኑ፣ ዘራቸው ተባረከ፣ ግመላቸው ረባ። ሐጂ ግመል የላቸውም።

ማታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አጎቴ ፎቶ ለጠፈ። በልጃገረዶቹ መሀል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከሥሩ «ባህላችን ኩራታችን! ሶለልን በደማቅ ሁኔታ አከበርን» ይላል። ዘመድ ሁሉ ልብና ጭብጨባ አዘነበበት። ባሕር ዳር ያለችው የአጎት ልጅ «እንደ አንተ ያሉ አባቶች ይብዙልን» አለች።

ቀጥሎ የጻፈችው አክስቴ ናት። «የሐጂን 200 ብር በቴሌብር ላክ። ባትሪህ ሞልቷል።»