የባህር ዛፍ ዘይት ለህፃን አፍንጫ? አቦ ተዪ!

እህቴ፣ "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም፣ ጉንፋን ለያዘው ህፃን ሁለት ጠብታ የባህር ዛፍ ዘይት አፍንጫው ውስጥ፣ ትንሽ ደግሞ በሞቀ ውሃ አጠጡት" ብለሽ ፖስት ያረግሽው ልክ አይደለም፣ ሰው ሼር እያረገው ስለሆነ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። እናቶቻችን ቅጠሉን ቀቅለው የሚያጥኑን ሌላ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በትንሽዬ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ሌላ፣ እሱ ከስንትና ስንት ቅጠል በእንፋሎት ተነጥሮ የወጣ ነው፤ ህፃን አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ) እንኳን ቢውጥ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል፣ አፍንጫው ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉሮሮውን ዘግቶ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። "በውሃ አቀጥነዋለሁ" ያልሽውም አይሰራም፣ ዘይት ከውሃ ጋር መች ይዋሃዳል፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ያው ያልቀጠነው ጠብታ ነው አፉ ውስጥ የሚገባው። ለታፈነ አፍንጫ ከፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ አለ፣ ርካሽ ነው።

አንዴ ከዋጠ ደግሞ እንዲያስታውክ እንዳታስገድጂው፣ ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ቀጥታ ድል ጮራ ወይም የቀረበሽ ሆስፒታል።

እዛው ፖስትሽ ላይ ስለ ቤት ፅዳት የፃፍሽው ደሞ፣ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ስለሸተተ ጀርም ሞተ ማለት አይደለም። ይሄ እንኳን ቀላል ነው፣ የፈራሁት በረኪናው ላይ ኮምጣጤና ሎሚ ጨምሩበት ያልሽውን ነው፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ መስኮት በሌላት ሻወር ቤት ውስጥ ያፍናል። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም፣ እባክሽ ያንን መስመር ቶሎ አጥፊው።