ማስተካከያ፦ የክፋት ሥር ገንዘብ አይደለም

ባለፈው ስለ ምጽዋት በጻፍኩት ላይ «ጌታ ኢየሱስ ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ብሏል» ብዬ ነበር። ሁለት ስህተት አለበት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቃሉ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10። የሚለውም «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነውና» ነው። «መውደድ» የምትለዋን ቃል ጥዬ አለፍኩ። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ትርጉሙን ሁሉ ትቀይራለች። እኔ በጻፍኩት መሠረት ደሞዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አባወራ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ኃጢአት የያዙ ይመስላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሠርቶ ማደር ነውር አይደለም።

የጌታን ሥጋ በራሱ አዲስ መቃብር ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጠጋ ነበር (ማቴዎስ 27)። ልድያም ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ጳውሎስንና ባልንጀሮቹን በቤቷ ተቀበለች (ሐዋርያት ሥራ 16)።

በዚያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 17 እና 18 ላይ ጳውሎስ ባለጠጎችን ሀብታችሁን ጣሉ አይላቸውም። በሚያልፍ ሀብት ተስፋ አታድርጉ፣ አካፍሉ ነው የሚላቸው።

ጌታችን ራሱ ስለ ገንዘብ የተናገረውን ለማንበብ ማቴዎስ 6፥24ን ይመልከቱ፦ ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አይቻልም።