የቧንቧው ውኃ ተጣራ፤ የኩባያውስ?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደህንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውኃ ያላገኘው ሕዝብ 2.1 ቢሊዮን ነው። እዚህ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ከወንዝ የሚቀዳው ብቻ አይደለም። ደህንነቱ የተጠበቀ ለመባል ውኃው ግቢ ድረስ መምጣት፣ በተፈለገ ሰዓት መገኘትና ከብክለት ነጻ መሆን አለበት። በፈረቃ ውኃ የሚጠብቅ የጅማ ቤተሰብ ቧንቧ እያለው ሁለተኛውን ያጣል። የባሰው ግን ፈረቃው ሦስተኛውንም ይዞ መሄዱ ነው።

ውኃ ሲቋረጥ የቱቦው ግፊት ይወርዳል። ቱቦው ጅማን አቋርጦ ወደሚያልፈው አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አጠገብ ካለፈ፣ ሲያፈስ የከረመው ስንጥቅ አሁን የቦዩን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ዝናብ በሚበዛበት በጅማ ቦይ የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ውኃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ለመጠጥ አይቀዳ።

ቀጥሎ ጀሪካኑ አለ። ውስጡ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ተህዋስያን ተጣብቀውበታል፤ ውኃውን ለማከም የሚጨመረውን ክሎሪን፣ ማለትም በረኪና ውስጥ ያለውን ተህዋስያን ገዳይ፣ ይበላሉ። በአሸዋና በጠጠር መናጥ ፕላስቲኩን ስለሚጭረው ቆሻሻው መልሶ ይይዛል። በሳሙና አጥቦ ውኃ መሙላት፣ በ20 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር መዓዛ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሮ ማሳደር፣ ጠዋት ደፍቶ ማለቅለቅ ይሻላል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በዚሁ መንገድ ለማጽዳት 1 ሊትር በረኪና ይበቃል።

ለሚጠጣው መጠኑ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ ለጠራ 20 ሊትር ከዚሁ በረኪና 1 ሚሊ ሊትር፣ ትንሽ ለደፈረሰ 2፤ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። በጣም የደፈረሰው አስቀድሞ ረግቶ ከላይ ይቀዳ። ልኩን በማንኪያ መገመት ያሳስታል፤ መርፌው የወጣለት ስሪንጅ ይሁን። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም መጠኑ ትክክል ሆኖም ላይሠራ ይችላል።

ማፍላትም ይሆናል። ከ2,000 ሜትር በታች ባለችው ጅማ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 3 ነው። የፈላ ውኃ ግን በጣሳ ሲጨለፍ እንደገና ይበከላል። ጀበና ውስጥ የተንተከተከው ቡና ራሱ አያሰጋም። ስጋቱ ሲኒው ከተለቀለቀበት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳይቀየር ከቆየው ሳህን ውኃ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም ግን በእናቶች ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ክሎሪን በማጣሪያው በር ሳይሆን በመስመሩ መጨረሻ ባለው ቦኖ ይለካ። ዲፒዲ የሚባለው የክሎሪን መለኪያ ኪኒን ናሙናው ውስጥ ሲጨመር ክሎሪን ካለ ውኃው ሮዝ ይሆናል። ከ0.2 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ውኃው በመንገዱ ላይ መከላከያውን ጨርሷል ማለት ነው። ቁጥሩ ከነቀኑ ቦኖው ላይ ይለጠፍ፤ ቀጂዋ በረኪና መጨመር እንዳለባት እዚያው አንብባ ትወቅ።