«ይሰማል?» ለሚሉን ሁሉ ምስጋና ይድረስ

እዚህ ባሕር ዳር የኦንላይን ስብሰባ የሚከፈተው በአጀንዳ አይደለም፤ በ«ይሰማል?» ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ልማድ ነው! «ይሰማል?» «ኧረ አይሰማም!» «እንዴት አይሰማም?» አይሰማም ያለው ሰውዬ ጥያቄውን በምን ሰማው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን የመሥሪያ ቤታችንን ጋሼ ነው። ማይክ እምቢ ሲላቸው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መርመጥመጥ የሚባል ውርደት አያውቁም። መጀመሪያ እፍ ይሉበታል። ቀጥለው በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። ከዚያ ይጮኻሉ። አዲስ አበባ ካልሰማ ዘጌ ይስማ!

አንድ ቀን የአይቲው ልጅ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩ እያዳመጠ ያለው መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን ብሉቱዝ ኢርፎን ነው አላቸው። ከዝርዝሩ የላፕቶፑን ማይክ መምረጥ ብቻ ነበር። ጋሼ በዚህ ይሸወዳሉ? «ፎርማት ይደረግ!» አሉ። ተደረገ። የሦስት ዓመት ፋይል ተሸኘ። አዲስ የተጫነው ፕሮግራም ማይክ ልጠቀም ወይ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቃቸው «አይሆንም» የሚለውን ተጫኑ። ለማያውቁት ነገር ፈቃድ አይሰጡማ።

ማይኩ አሁንም ዝም ሲል፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይክ የሚመስል፣ ትንሿን ድምፅ ሁሉ የሚለቅም ትልቅ ኮንደንሰር ማይክ አስገዙ። ይሄ ዓይነቱ 48 ቮልት ካላጎረሱት ትንፍሽ አይልም። ማጉረሻው ሳጥን ግን አልተገዛም፤ ጋሼ ብክነት አይወዱም። ድምፅ የሚቀበለውም በጎኑ ነው፤ እሳቸው በአናቱ በኩል ያወሩታል፣ በማክበር። ቢሯችን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ወደ ጣና የተከፈተ ነው። ቢሠራ ኖሮ ነፋሱንም የባጃጁንም ክላክስ አብሮ ይለቅም ነበር። ከአፍ አንድ ስንዝር የሚርቅ፣ የሩቁን ድምፅ ብዙም የማይለቅም ተራ ዳይናሚክ ማይክ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። ምቀኞች ናቸው።

ባለፈው ስብሰባ ልጁ ቀስ ብሎ ፈቃዱን ከፍቶ፣ የላፕቶፑን የራሱን ማይክ መርጦ ወጣ። ጋሼ አላዩትም። ትልቁን ማይክ ሁለቴ በጥፊ አሉትና ተስፋ ቆረጡ። ስልካቸውን አንስተው ምሳ አዘዙ፦ ዓሣ ጉላሽ፣ ቃሪያው በዛ ብሎ፣ «ይሄ ወሬያቸው እስኪያልቅ ድረስ እንዳይቀዘቅዝ»።

አዲስ አበባ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ቃለ ጉባኤው ላይም ቃሪያው ሳይቀር ሰፍሯል።