ያልተከፈተው ምሳ ዕቃ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እንደገባች ለሁለት ሳምንት ያህል ምሳዋን ሳትነካ ትመልስ ነበር። ጠዋት የሞላሁት ቴርሞስ ማታ እንደሞላ ይመጣል። ያውም ፍርፍር ነው። በቅቤ የራሰ፣ በርበሬው የተቀነሰ፣ ጎረቤት የሚጠራ ፍርፍር።

እኔም ወዲያው ፈረድኩ። በእንጀራ አፍራ ነው አልኩ። ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ አበሻ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። የክፍል ልጆች አፍንጫቸውን ያዙ፣ ልጅቷ አፈረች፣ ከነገ ጀምሮ ሳንድዊች ይሁንልኝ አለች። ስለዚህ አንድ ማታ አስቀመጥኳትና ስለ ጤፍ፣ ስለ አድዋ፣ ስለ ማንነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩላት። አድዋ በምን በኩል እንደገባ እኔም አላውቅም። ታግሣ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ "አባዬ፣ ክዳኑ አይከፈትልኝም" አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ትኩስ ምግብ ቴርሞስ ውስጥ ተከትቶ ሲከደን፣ እየበረደ በሄደ ቁጥር ውስጥ ያለው አየርና እንፋሎት ይኮማተራል። ያኔ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳብና ጥርቅም ይላል። ለሰባት ዓመት እጅ አይበገርም። የምሳ ሰዓታቸው ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ነች። ከእሷ ላይ ሰልፉና ወሬው ይቀነሳል። እጅ አውጥቶ አስተማሪ መጠበቅም አለ። ልጄን ያሳፈራት እንጀራው ሳይሆን በየቀኑ "ክፈቱልኝ" ማለቱ ነበር።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ስለምትወጣ ምሳ የመቋጠሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። አዲስ አበባ ሳለሁ ማድቤት የምገባው እሳት ለመሞቅ ነበር። አሁን ማታ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ እናቴ በቪዲዮ ታየኝና ትስቃለች። "ጎሽ! አሜሪካ ሰው አደረገችህ" ትላለች። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የእኔ ምሳ ዕቃ አሉሚኒየም ነበር። ክዳኑ ስለላላ እናቴ በላስቲክ አስራ በፌስታል ትጠቀልለው ነበር። አልፎ አልፎ ግን አይቀርለትም፣ ይፈስሳል። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ግማሹ ሽሮ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን (በእኛ አቆጣጠር ነው የምለው፤ እዚህ "ስድስት ሰዓት" ብል ልጄ ገና አልነቃችም) ዛፍ ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የአንዱ ፓስታ፣ የሌላው ድንች ወጥ፣ የሦስተኛው በርበሬ የተቀባ እንጀራ መሀል ላይ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ የማን ምሳ የማን እንደሆነ ጠያቂ የለም። ምሳውን ይዞ ከክፍል ጀርባ የሚሸሽ ልጅ "ሆዳም" የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይከተለዋል።

ምሳ ያልያዘ ልጅም አብሮ ይቀመጣል። ማን እንዳልያዘ አይታወቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ይታወቃል። እጅ ሲበዛ ግን አይቆጠርም። ደግሞ ሁሉም አይቀመጥም ነበር። ኩራቱ የማይፈቅድለት ልጅ ቧንቧ ላይ ውኃ ጠጥቶ ኳስ ሜዳ ይሄዳል። ናፍቆት ይህቺን ክፍል ቆርጦ ያወጣታል፤ እኔ ግን ያ ልጅ ፊቱ ይታወሰኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መመገብ መጀመራቸውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። የክዳኑ ነገር ከተፈታ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ከትምህርት ቤት ማስታወሻ መጣ። በትህትና የተጻፈ ነው። ልጅዎ ምግቧን ለሌሎች ልጆች እንዳትሰጥ ይንገሩልን ይላል። ለካ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ አጉርሳታለች። በእኛ ቤት የሚያስመሰግነው እዚያ ማስታወሻ ያስጽፋል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። ለውዝ ወይም ሰሊጥ ቀምሶ ጉሮሮው የሚዘጋ ልጅ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥን በማሸጊያ ላይ የግድ ከሚጻፉት ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች ጨምራዋለች፤ ዘጠነኛው ነው። እኔ ደግሞ ለመክሰስ የማስይዛት ቆሎ ለውዝ የተቀላቀለበት ነበር። አሁን ገብሱን ብቻ ነው የማስይዛት። ጤፍ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም እያልን የምንኮራበትም ነገር አለ። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ አለበት። ግሉተን የማይስማማውን ሰው አምኖ ማጉረስ አይቻልም።

ካፍቴሪያቸው ውስጥ "ሼር ቴብል" የሚሉት ጠረጴዛ አለ። ልጅ ያልፈለገውን ወተት ወይም ፖም እዚያ ያስቀምጣል፣ የፈለገ ያነሳል። ምግቡ ግን ያልተከፈተ፣ ያልተላጠ መሆን አለበት። እኛ ክዳን ከፍተን ነበር የምንካፈለው፤ እነሱ የሚካፈሉት የታሸገውን ነው። ያም ሆኖ ውኃ ጠጥቶ ኳስ ሜዳ የሚሄደው ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንንም ሳይለምን አንድ ነገር ባነሳ ነበር። ይህን ሳስብ ንዴቴ በረደልኝ።

ትምህርት ቤቱ ምሳ አለው። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ምሳ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ያለ ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ በነፃ ወይም በቅናሽ ይሰጣል። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ጭራሽ ይህ ጣጣ የለባትም። ስዊድን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በሕግ በነፃ ታበላለች። "ምሳ መቋጠር ምንድነው?" ብላ ትቀልድብኛለች። እኛ ቤት ግን ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞላት ተብሎ ረቡዕና ዓርብ ጾም ተጀመረ። ዓርብ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የፒዛ ቀን ነው። ስለዚህ ይቋጠራል።

አንድ ነገር የገባኝም በጾሙ ነው። የምሳ ዕቃ ችግራችን ትኩስ ነገር ካልበላን ማለታችን ነው። የጾም ማድቤታችን ግን ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ ሞልቶታል። ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ ቡቲቻ፣ ስልጆ፣ አዚፋ። ማሞቂያ አይፈልጉም፤ ክዳንም አያጣብቁም። የመሥሪያ ቤት ማይክሮዌቭ ላይ ሽታው ሕንፃውን አያዳርስም። ሱፍ ፍትፍት ለልጄ ብርቅ ነው፤ በማንኪያ ትጠጣዋለች። ቲማቲም ፍትፍት ላይ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ሎሚውና ቲማቲሙ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛሉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። እናቴ ይህን ስነግራት ሻይዋን እየጠጣች ነበር። ስልኩን ዘጋችው።

በፍስክ ቀን እንጀራውን ዘርግቼ ወፈር ያለ ምስር ወይም ጎመን በአይብ እቀባና ጠቅልዬ እቆራርጠዋለሁ። ቀጭን ወጥ አይሆንም፤ እንጀራው ይበሰብሳል። ፍርፍርም አልቀረም። ቴርሞሱ ውስጥ መጀመሪያ የፈላ ውኃ ሞልቼ አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ። ውኃውን ደፍቼ ትኩሱን ፍርፍር ስከትበት እስከ ምሳ ሰዓት ይሞቃል። ክዳኑን ሳላጠብቅ ትንሽ እንዲተነፍስ አደርገውና ከዚያ ልጄ ራሷ ትዘጋዋለች። እሷ የዘጋችውን እሷ ትከፍተዋለች። አይብና እንቁላል ካለበት ከሥሩ በረዶ ይደረጋል። እዚህ የሚመክሩት ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። እናቴ ቴርሞሜትር አልነበራትም። ግን ለምሳ ዕቃ ሥጋ ወጥ አድርጋልኝ አታውቅም። "ያድራል እንጂ አይውልም" ትል ነበር።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ የእህቴን ልጅ ምሳ ዕቃ ከፈትኩት። ጃፓን የምትቀናበት ባለ ሦስት ክፍል ፕላስቲክ ነው። አንዱ ውስጥ ቺፕስ፣ አንዱ ውስጥ የታሸገ ኑድል፣ ሦስተኛው ውስጥ ክሬም ያለው ብስኩት። ከጎኑ የካርቶን ጁስ። እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ ለአንድ ከረጢት በሶ ሰው ስለምን እነሱ የእኛን ሱፐርማርኬት ገልብጠው ልጁ ቦርሳ ውስጥ ከተዋል። እህቴን ልወቅሳት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "አንተ ትምህርት ቤቱን አታውቀው፤ ቆሎ ይዞ ቢሄድ 'ደሃ' ይሉታል" አለች።

ዝም አልኩ። ሜሪላንድ ላይ ሳይኖር የፈራሁት እፍረት፣ ለካ ቦሌ ተቀምጦ ኖሯል።

የእህቴ መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። የሆቴል ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ ሁሉም ምሳ ከቤት ይይዛል። እኩለ ቀን ላይ ወረቀቱ ይነሳና ጠረጴዛው ላይ ሰባት ስምንት ምሳ ዕቃ ይደረደራል። በሩን የከፈተ ሁሉ "እንብላ" ይባላል። ለባለጉዳይም አይቀርለት። እኔም ልጠይቃት ሄጄ ሳልዘጋጅ ሦስት ጉርሻ ተቀበልኩ።

እኔ ሥራ ቦታ ለዓመታት ብቻዬን፣ ኮምፒውተር ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው የበላሁት። ሁሉም እንደዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ አንድ ዓርብ አዚፋ በትልቅ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ድፍን ምስር፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ሎሚና ደህና አድርጎ የተመታ ሰናፍጭ ነው። ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች ስለሆንን ምን ምን እንዳለበት ተናገርኩና መሀል ላይ አስቀመጥኩት። ኤልሳልቫዶራዊው ባልደረባዬ ፑፑሳውን፣ የአገሩን ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ አጠገቡ አኖረ። ፑፑሳውን በእጁ ቆርሶ አዚፋውን ዛቀበት። አያያዙ የእኛ ሰው ያስመስለዋል። ሰናፍጩ አፍንጫው ላይ ወጣና ዓይኑ እንባ ሞላ። አንድ ነገር ሆነብኝ ብዬ ተነሳሁ። በግራ እጁ ተቀመጥ አለኝና በቀኙ ደግሞ ዛቀ።