ምስጋና ለማይጠይቅ ጉሮሮ

ደሴ ሰኞ ገበያ ቅቤ ሲገዛ ያላየ ሰው ጥንቃቄ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጎረቤቴ እትዬ በአራት ነጋዴ ፊት ይቆማሉ፤ ከቅቤው በጣታቸው ጫፍ ያነሳሉ፣ እጃቸው ላይ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ «ሙዝ ገብቶበታል» ብለው ያልፋሉ። በርበሬውን ሸክላ እንዳይሆን ይቀምሱታል፤ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩታል። ከዚህ ሁሉ ፍተሻ በኋላ ድምፅ ማጉያ የያዘው የባህል መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሲደርሱ ምርመራው ያበቃል።

ቡናማው ፈሳሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቷል። ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለሪህ፣ ለኪንታሮት፣ ለዓይነ ጥላ ይሆናል። የዓይነ ጥላውና የጨጓራው መጠን እኩል ነው፦ አንድ የቡና ሲኒ በባዶ ሆድ።

እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳቱ። «ምን ምን አለበት የኔ ልጅ?»

«ሃያ አንድ ዓይነት ሥራ ሥር ነው እናቴ። የአባቶች ምስጢር ስለሆነ ግን ስሙ አይነገርም።»

አፈሩ። የሰው ምስጢር መጠየቅ ነውር አይደል? ለጉልበት ሕመማቸው አንድ ጠርሙስ ገዝተው ሄዱ።

ይህ ጨዋነት ያልገባው መሥሪያ ቤት ግን አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ይዞ፣ መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ አይውጣ ይላል። ማን አዘጋጀው? ምን ገባበት? እስከ መቼ ይቆያል? ቅጠል ደግሞ ምን ቀን አለው! ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል የሻጩን ጠርሙሶች በነጠላችን የምንሸፍነው እኛው ገዢዎቹ ነን።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለ ጨዋነት አልፈጠረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ከአራት ትልልቅ መደብሮች የዕፅዋት ክኒን አስነስቶ በዘረመል አስመረመረ። በላዩ ላይ የተጻፈው ተክል የተገኘው በ21 በመቶው ምርመራ ብቻ ነበር። ዘዴው ለተጨመቀ ቅጠል አይሠራም ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ መደብሮቹ ግን ዕቃውን እንዲያነሱ ደብዳቤ ደረሳቸው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ውርደት አይደርስም። ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ በምን ይዋሻል?

የእትዬ ጉልበት በሁለተኛው ቀን ተሻለው። በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸው ሞላ፤ ሰፈሩ «አማረብዎ» አለ። ክፉ አሳቢ የሆነ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ግን ፊታቸውን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። በየአገሩ የቁርጥማት ቅጠል እየተባለ በሚሸጠው ውስጥ ዴክሳሜታዞን፣ በወንዶቹ «ኃይል ሰጪ» ውስጥ ደግሞ ሲልዴናፊል የሚባሉ የፋብሪካ መድኃኒቶች ተደብቀው ተገኝተዋል አለኝ። የመጀመሪያው ሕመም ያስታግሳል፣ ፊት ይሞላል፣ ስኳር ይሰቅላል። ሁለተኛው ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን ገደል ይከተዋል። በእትዬ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሊነግረኝ አልቻለም፤ ምስጢር ነዋ።

ስኳራቸው ወጥቶ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላቸው ዓይናቸውን ሳያሹ «ኧረ ምንም» አሉ። ቅጠል መቼ መድኃኒት ሆነና።

ክኒን ታዘዘላቸው። መንገድ ላይ ማሸጊያውን ገለበጡ፣ የተመረተበትን ቀን አስነበቡኝ፣ የሚያበቃበትን አስነበቡኝ፣ የፋብሪካውን አገር አስነበቡኝ፣ አሸተቱት። ከዚያ ወደ ቦርሳቸው እየመለሱት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን ታውቃለህ?»